ቢዮ አዋሌ ላይ ከደመና ስር የተንጠለጠለ ነገር አየን፣ ቶርኔዶ ይሆን እንዴ?

የገንደቆሬው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል አፉ በሉኝ።

ያለፈው ቅዳሜ አኮዬን፣ አያቴን ማለቴ ነው፣ ልጠይቅ ቢዮ አዋሌ ወጥቼ ነበር፣ ለማታውቁት የድሬ ገጠር ቀበሌ ነው፣ ወደ ተራራው በኩል። እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር፣ ስምንት ተኩል ላይ ከደንገጎ አቅጣጫ ደመናው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ መጣ። መጀመሪያ ንፋሱ ጭራሽ ቆመ፣ ቅጠል አይነቃነቅም፣ ከዛ ድንገት ፍሪጅ የከፈትክ ያህል ቀዝቃዛ ንፋስ አቧራውን ይዞ ገባ፣ ቀጥሎ በረዶው፣ መጀመሪያ ሽንብራ የሚያክል በኋላ ብይ የሚያክል፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መሰማማት አልቻልንም፣ አክስቴ አፏን ስታንቀሳቅስ ብቻ ነው የማየው።

በበሩ ስንጥቅ ወደ ውጪ ሳይ ከደመናው ሆድ ስር እንደ ዝሆን ኩምቢ ቀጠን ያለ ነገር ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ይዞር ነበር ወይስ ለኔ መስሎኝ ነው እንጃ። መሬት ይንካ አይንካ ኮረብታው ከልሎኝ አላየሁም። ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው ከዛ ተበተነ። ልቀርፀው ስልኬን ሳወጣ አክስቴ እጄን ጠፍ አረገችኝ «መብረቅ ልትጠራብን ነው?» ብላ፣ ስለዚህ ቪዲዮ የለኝም፣ ያለ ቪዲዮ አላምንም የምትሉ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሲያባራ ስንወጣ የጎረቤቱ ቤት ስድስት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ማሽላው ውስጥ ተኝቷል። ከሁሉ የከፋው ደሞ የአኮዬ ፍየሎች፣ ከሰባቱ ስድስቱ ግራሩ ስር ተጠግተው ነበር፣ በአንድ መብረቅ አለቁ። ቁስል የለ ደም የለ ዝም ብለው በጎናቸው ተኝተዋል፣ አንዷ ቅጠል አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር። ፈንጠር ብላ የቆመችው አንዷ ብቻ ተረፈች።

አሁን ቲክቶክ ላይ «በሚቀጥለው ሳምንት ምስራቅ ኢትዮጵያን ቶርኔዶ ሊመታት ነው» የሚል አስፈሪ ሙዚቃ ያለው ነገር እየዞረ ነው፣ አክስቴ ሀያ ጊዜ ልካልኛለች። ጥያቄዬ ያየነው ቶርኔዶ ነው ወይ? እኛ አገር አለ ወይ? አኮዬ የምትኖረው አንድ ክፍል ቆርቆሮና አንድ የሳር ጎጆ ውስጥ ነው፣ ምን ላድርግላት? እሷ «በከካ (መብረቅ ማለቷ ነው) የአላህ ነው ተወኝ» ነው የምትለው።


ለገሀሬ፦

አቦ ቶርኔዶ ድሬ ቢገባ ከዚራ ጥላ ስር ተቀምጦ ቀዝቃዛ ነገር ነው የሚያዘው፣ በዚህ ሙቀት ማንን አንስቶ ይሸከማል ሃሃሃ። ስለ ፍየሎቹ ግን ከልቤ አዝናለሁ ወላሂ።


መምህሩ ከሐሮማያ፦

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ የአየር ጠባይ ባለሙያ አይደለሁም ግን ነገሩ ስለሚስበኝ ብዙ አነባለሁ።

መጀመሪያ የሚያምታታን ቋንቋችን ራሱ ነው። አውሎ ነፋስ የምንለው ለሁሉም ነው። ዜና ላይ ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳውንም አውሎ ነፋስ ነው የሚሉት፣ ለምሳሌ ግንቦት 2010 ሶማሌላንድ የገባው ሳጋር፣ እሱ ሳይክሎን ነው፣ ስፋቱ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ነው የሚለካው ቀናት ይቆያል። ሽንሌ ሜዳ ላይ እኩለ ቀን ፌስታልና አቧራ እያዞረ የሚሄደውንም አውሎ እንላለን፣ እሱ ደሞ ጭራሽ ደመና አያስፈልገውም፣ ትኩስ መሬት ላይ ያለው አየር ሲግል እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል በቃ። ቶርኔዶ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ ከነጎድጓድ ደመና ጋር የተያያዘ ሆኖ መሬትን የነካ ሽክርክሪት ነው። ካልነካ ቶርኔዶ አይባልም፣ እንዳልከው ኩምቢ ብቻ ነው።

እኛ ጋ ለምን እንደ አሜሪካ አይበዛም ብትል፣ ለከባዱ ቶርኔዶ ትኩስ እርጥብ አየር ብቻ አይበቃም፣ ከመሬት ወደ ላይ ከፍ ባልክ ቁጥር ንፋሱ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን በጣም መቀየር አለበት፣ ይሄ ነው ደመናውን በሙሉ እንደ እንዝርት የሚያሾረው። እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለሆንን እንደዛ አይነት ንፋስ ብዙም አይገጥመንም። አሜሪካ በአመት 1,200 አካባቢ ቶርኔዶ ይቆጠራል። አፍሪካ ውስጥ ከበድ ያለው የሚታየው ደቡብ አፍሪካ ነው። ይሄ ማለት ግን እኛ ጋ ኩምቢ አይታይም ማለት አይደለም፣ ደመናው ራሱ ሳይዞር ሁለት ንፋስ መሬት ላይ ሲጋጭ የተፈጠረን ትንሽ ሽክርክሪት እያደገ ያለ ደመና ወደ ላይ ስቦ ሊያስረዝመው ይችላል፣ ደካማ ነው ቶሎ ይበተናል። ያየኸው እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ቆርቆሮዎቹና የተኛው ማሽላ ወዴት ነው የወደቁት? ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ወይስ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ?


የገንደቆሬው ልጅ፦

መምህር አመሰግናለሁ፣ አንቱ ማለት ነበረብኝ ግን የድሬ ልጅ ነኝ ከአንተ ውጪ አላቅም ሃሃ። ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ጠየኩት፣ ማሽላው በሙሉ ወደ ቁልቁለቱ ነው የተኛው፣ ልክ በማበጠሪያ እንደተበጠረ፣ ቆርቆሮዎቹም እዛው መስመር ላይ ናቸው።


መምህሩ ከሐሮማያ፦

በቃ ቤቱን ያፈረሰው ኩምቢው አይደለም። ቶርኔዶ ቢሆን ዘርዝሮ ነበር የሚጥለው፣ አንዱን ወደ ምስራቅ አንዱን ወደ ምዕራብ። አንድ ላይ ተበጥሮ ከተኛ ከደመናው የወረደ የቁልቁል ንፋስ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ነጎድጓድ ያለው ደመና አናቱ አውሮፕላን ከሚበርበት ሊያልፍ ይችላል፣ ውስጡ ወደ ላይ የሚጋልብ ንፋስ አለ፣ የውሃ ጠብታውን እያነሳ ብርዱ ውስጥ ይከተዋል፣ በረዶው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ልጣጭ እየደረበ ያድጋል፣ ንፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። ሲለቀው በረዶውና ዝናቡ ቀዝቃዛውን አየር አብሮ ጎትቶ ያወርደዋል፣ አንድ ባልዲ ውሃ ሊሾ ወለል ላይ ብትደፋ ምን ይሆናል? ወደ ጎን ይረጫል አይደል፣ እሱ ነው። ፍሪጅ የተከፈተ መሰለኝ ያልከው ያ ንፋስ ነው። ሀይለኛው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ደካማው ቶርኔዶ የሚጀምረው ከ105 አካባቢ ነው፣ እና አትናቀው። ሰው ኩምቢውን አይቶ ኩምቢው ነው ያፈረሰው ይላል፣ ኩምቢው ግን ከኮረብታው ጀርባ ነበር ራስህ እንዳልከው።

ስለ ቲክቶኩ፣ ከሳምንት በፊት «እዚህ ቦታ ቶርኔዶ ይመጣል» ብሎ ሊናገር የሚችል ሰው ምድር ላይ የለም። አሜሪካኖቹ ራዳርም ሳተላይትም ይዘው ለአንድ አካባቢ እየመጣ ነው ብለው የሚያስጠነቅቁት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው፣ በአማካይ ሩብ ሰዓት አይሞላም። የኛው ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአስር ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል እሱን ተከታተል፣ አክስትህን ደሞ በጨዋ ደንብ ብሎክ አርጋት።


ትራከሩ፦

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ መጋላ ነው ያደኩት አሁን ዳላስ ነኝ፣ ትራክ እነዳለሁ፣ አይ 35 የሚባለውን መንገድ ይዤ ኦክላሆማን አቋርጬ ካንሳስ ድረስ እወጣለሁ። መምህሩ ያለው ልክ ነው፣ ግን ቶርኔዶ ያለበት አገር ሰው እንዴት እንደሚኖር ትንሽ ላውራችሁ።

እዚህ ሁለት ቃል አለ፣ ዋችና ዋርኒንግ። ዋች ማለት ዛሬ ሊሆን ይችላል አይናችሁን ከሰማይ አታንሱ ነው። ዋርኒንግ ማለት ታይቷል ወይ ራዳር ላይ ወጥቷል አሁኑኑ ግቡ ነው። ሲመጣ ስልክህ ሳይለንት ላይ ቢሆንም ይጮሀል፣ የመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህብኝ ሻዬን ልብሴ ላይ ነው የደፋሁት። ባዶ ትሬለር እየጎተትክ ከጎን ሲመታህ ደሞ ልብህ ነው የሚሄደው።

ባለፈው አመት ሜይ ላይ ዊቺታ ልደርስ ስል ዋርኒንግ መጣ፣ ሰማዩ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ነበር፣ የበሰበሰ ቅጠል የመሰለ። ትራክ ማቆሚያ ገባሁ፣ ሰራተኞቹ ሁላችንንም መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ኮሪደር ውስጥ ከተቱን፣ ወደ ሰላሳ ሰው እንሆናለን። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ትንሽ ውሻ አቅፎ ተቀምጧል፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነው እሱ ኦቾሎኒ ይበላል። ከየት ነህ አለኝ፣ ኢትዮጵያ፣ እዛም ቶርኔዶ አለ? አለኝ፣ የለም እኛ ጋ ጎርፍ ነው አልኩት፣ «ጎርፍ ይከፋል፣ ጎርፍ ሳይረን የለውም» አለኝ። አልረሳውም። የዛን ቀን ቶርኔዶው ስንዴ ውስጥ ነው ያለፈው፣ በነጋታው ሳልፍ የእህል ማጠራቀሚያ የብረት ጎተራ እንደተጨመደደ የቢራ ቆርቆሮ መንገድ ዳር ወድቆ አየሁት።

የዚህ አገር ገበሬ ሜዳ ላይ ብቻውን ነው የሚኖረው ግን ከቤቱ ስር ምድር ቤት አለው፣ ራዲዮ አለው። ግሪንስበርግ የምትባል የካንሳስ ትንሽ ከተማ አለች ያኔ 1,400 ሰው አካባቢ ይኖርባት የነበረች፣ በፈረንጅ 2007 በማታ መጣባት፣ 95 በመቶዋ ፈረሰ፣ የሞተው ግን አስር ምናምን ሰው ነው፣ ሳይረኑ ቀድሞ ስለጮኸና ህዝቡ ምድር ቤት ስለገባ። ስፋቱ ደሞ አትጠይቁኝ፣ በፈረንጅ 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ ላይ የታየው 4.2 ኪሎ ሜትር ነበር። ከከዚራ ሳቢያን ድረስ በሉት፣ እንደው በግምት።

አንድ ነገር ደሞ፣ ፊልም አይታችሁ ድልድይ ስር አትጠጉ። በፈረንጅ 1999 ኦክላሆማ ላይ ድልድይ ስር የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል፣ ንፋሱ እዛ ጠባብ ቦታ ውስጥ እንደውም ይበረታል። ለድሬ ልጅ ይሄ ምኑ ነው ካላችሁ፣ በዝናብ ሰዓት ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ስር የሚጠለል ሰው በአይኔ አይቻለሁ። እሱ ደሞ በሌላ ምክንያት ነው የሚሞተው።


ደቻቱ ዳር ያደኩ፦

ትራከሩ ነካኸኝ። ስለ ኩምቢ እያወራችሁ ሳነብ ዝም ልል ነበር።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998፣ አስራ አንድ አመቴ ነበር። በዛው ሐምሌ ጀጎል ዩኔስኮ ተመዘገበ ተብሎ ሬድዮው ሁሉ ስለ ሐረር ነበር የሚያወራው። እኛ ሰፈር የጣለው ዝናብ ያን ጎርፍ ያመጣል የሚል ማንም አልነበረም፣ ደቻቱ'ኮ አብዛኛውን አመት አሸዋ ነው፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ውሃው ከላይ ነው የመጣው፣ ከነ ደንገጎ ከተራራው። አስቡት ሐሮማያ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው ድሬ 1,200 አካባቢ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት በአጭር መንገድ፣ ተራራው ደሞ ራቁቱን ነው።

ድምፁ ነው እስካሁን የማይለቀኝ። ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲደፋ የሚሰማው አለ አይደል፣ እሱ ሆኖ ግን የማያልቅ። አባቴ ነው የነቃው፣ እኔንና ታናሼን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ላይ፣ እናቴ ባዶ እግሯን። ከ200 ሰው በላይ ነው የሞተው፣ አብዛኛው ተኝቶ እያለ። ጠዋት ስንመለስ የጎረቤታችን የልብስ ስፌት ሲንጀር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ መዘውሩ ብቻ ብቅ ብሏል፣ ታናሼ ሄዶ ሲያዞረው ዞረ። እሷን አላገኘናትም።

ከዛ በኋላ ግንብ ተሰርቷል አውቃለሁ። ግን ሰው እንደገና ወደ ወንዙ ተጠግቷል፣ ባጃጁ ሁሉ ውሃው እየመጣ እያየ ልለፍ ይላል። ግማሽ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ የሚሮጥ ውሃ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፣ ባጃጅማ ምን አላት።

ስለዚህ ወንድሜ የገንደቆሬው፣ አኮ ጋ ስትሄድ ከሰማዩ ኩምቢ በላይ ቤቷ ከደረቁ ወንዝ ምን ያህል እንደሚርቅ እይልኝ። ገንደቆሬ ያለኸው አንተም። እኛ ቤት የምናረገውን ልንገርህ፣ አክስቴ ልጅ ደንገጎ ነው ያለችው፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል በማንኛውም ሰዓት ሚስኮል ታረጋለች፣ አንድ ሚስኮል ዘንቧል፣ ሶስት ሚስኮል ተነሱ። ሁለቴ ለከንቱ ተነስተን ተሳድበናታል። አሁንም ታረጋለች።


አባ ፈራ፦

ይሄ ሁሉ ሳይንስ ምን ያረጋል። ቆርቆሮ ነው መብረቅ የሚስበው፣ ድሮ በሳር ቤት ማን ይሞት ነበር? ስልክ አጥፉ ቀይ ልብስ አውልቁ መስታወት ሸፍኑ፣ አያቶቻችን ያውቁ ነበር።


ነርስ ነኝ ሐረር፦

አባ ፈራ ወንድሜ አያቶቻችንን አከብራለሁ የኔም እናት መስታወት በነጠላ ትሸፍን ነበር፣ ግን መብረቅ ቀይ ልብስ አያይም። ረዥሙን ነገር ነው የሚፈልገው፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ያለ ሰው። ስልክ አይጠራውም፣ ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ ይዞ ማውራት ግን ሌላ ነው፣ በሽቦው በኩል ይመጣል። የሳር ጎጆ ደሞ አያድንም፣ ከተመታ ይቃጠላል። አኮ ሁለቱም ካሏት ወደ ቆርቆሮው ክፍል ትግባ፣ እሱም ፍፁም አይደለም ግን ከጎጆው ይሻላል፣ መሀል ላይ ትቀመጥ፣ ከግድግዳው ከበሩና ከሽቦ ትራቅ። መኪናም ጥሩ ነው መስኮቱ ከተዘጋ፣ ሚኒባስ አይሱዙ ማለቴ ነው፣ ባጃጅ አይቆጠርም ጣራው ሸራ ነው ጎኑ ክፍት ነው።

ፍየሎቹን ለምን ፈጃቸው ላልከው፣ መብረቁ ዛፉን መቶ ስሩ ሲደርስ መሬቱን ይዞ ይሰራጫል። የእንስሳ የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ነው፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ መንገዱ ላይ ልብ አለ። ሰውም እግሩን አንፈራጥጦ ከቆመ ያው ነው። ሜዳ ላይ ከያዛችሁና የትም መግባት ካልቻላችሁ ከዛፍ ራቁ፣ እግር ገጥማችሁ ዝቅ በሉ፣ ተበተኑ እንጂ አትሰብሰቡ።

ርቀቱን ለማወቅ ብልጭ ሲል ቁጠሩ፣ በየሶስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሰላሳ ሳትቆጥሩ ከነጎደ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ብዙ ሰው የሚመታው አባራ ብሎ ሲወጣ ነው።

አሁን ዋናው። ከአመታት በፊት ሁለት ወንድማማች እረኞች መጡልን፣ ከኤረር በኩል። ትልቁ እግሩ ተቃጥሎ ይጮህ ነበር፣ ሰው ሁሉ እሱን ከቦ ውሃ ሲያጠጣ ነበር አሉ። ትንሹ ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ማንም አልነካውም፣ ግማሹ ሞቷል ብሎ ግማሹ መብረቁ ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ ብሎ ፈርቶ። መብረቅ የመታው ሰው ኤሌክትሪክ አይዝም፣ በባዶ እጅ ንኩት ምንም አትሆኑም። የሚጮኸው ልጅ ይተነፍሳል ማለት ነው ይቆያል፣ ዝም ላለው ነው መሮጥ ያለባችሁ። ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ደረቱን መሀል ላይ በሁለት እጅ ጠንከር አርጋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፣ ትንፋሽም ስጡት፣ ከመብረቅ የሚነሳ ብዙ አለ። የዛ ልጅ እድሜ ዘጠኝ ነበር።


አባ ፈራ፦

እሺ። ይሄን አላቅም ነበር። ቀዩን ልብስ ግን አሁንም አልለብስም።


ሀኪም ጋራ፦

እናንተ ስለ ነፍስ ታወራላችሁ ልክ ናችሁ፣ እኔ ስለ ጫት ላውራ፣ እሱም ነፍስ ነው ለኛ። ሀኪም ጋራ ስር ያለችን ማሳ አባቴ የተከላት ናት። በረዶ ሲመታው ጫቱ መሬት ላይ የተከተፈ ጎመን ነው የሚመስለው፣ ሽታው ራሱ የተለየ ነው፣ አረንጓዴ አረንጓዴ የሚል፣ ማሳው መሀል ቆመህ ማልቀስ ያምርሃል። አስር ደቂቃ ነው'ኮ። ጎረቤትህ ግንብ ማዶ ያለው ማሳ አንድ ቅጠል አልተነካም፣ የሱ ጫት በነጋታው አወዳይ ጫት ገበያ ላይ ዋጋው ይወጣል ያንተን ደሞ ፍየል ይበላዋል። ምንም መላ አላገኘሁለትም እውነቱን ለመናገር፣ ማሽላው ቢያንስ የተኛው ቀና ሊል ይችላል። የማረገው አንድ ነገር በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት ደመና ሳይ የደረሰውን ጠዋት አስቀጥፋለሁ፣ ዋጋ ቢወርድም። አንዳንዴ አይዘንብም ሚስቴም ትስቅብኛለች።


የገንደቆሬው ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ደቻቱ ዳር ያደግሽው እህቴ ሲንጀሩን ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ ውጪ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ነው የተመለስኩት። ትናንት ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን የአኮዬን ቤት ለካን፣ ከደረቁ ወንዝ ወደ ስልሳ እርምጃ ነው ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ አንድ ሽማግሌ በሱ እድሜ ውሃው እስከ ቁልቋሉ ብቻ ነው የደረሰው አለን።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ጣራው ላይ ንፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ደርድረውበታል፣ ይሄ ነገር ይረዳል?


መምህሩ ከሐሮማያ፦

አውርዱት። ከባድ ንፋስ ቆርቆሮውን ካነሳው ድንጋዩ ከውስጥ ያለው ሰው ላይ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮውን የያዘው ምስማር ብዙ ጊዜ ማገሩ ላይ ብቻ ነው፣ ማገሩ ደሞ ወራጁ ላይ እንዲሁ ቁጭ ብሏል። ጥቁር ሽቦ ወይ ቀጭን ቶንዲኖ ገዝታችሁ ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከቋሚው ጋር ጠምጥማችሁ እሰሩት። ንፋሱ የሚገባው ከጣራው ክፈፍ ስር ስለሆነ ጠርዝ ላይ ምስማሩን አብዙት። አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ስራ ነው።


ትራከሩ፦

የሽቦውንና የምስማሩን እኔ እልካለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግረኝ። ለጎረቤትዮውም ጭምር።


የገንደቆሬው ልጅ፦

ወንድሜ ቃል የለኝም። አሰርነው፣ አኮዬ ከታች ሆና እያንዳንዷን ቋጠሮ እየተቆጣጠረች «ይሄኛው ላልቷል» እያለች። ድንጋዩንም አወረድን፣ አሁን የፍየል በረት አጥር ሆኗል።

የተረፈችውን ፍየል አጎቴ ለአረፋ ካልሸጥናት ብሎ ነበር፣ አኮዬ እምቢ አለች። «ስድስቱ ዛፍ ስር ሲሄዱ እሷ ብቻ ነበረች ያልሄደችው፣ የምትቆምበትን ታውቃለች» ነው የምትለው። አሁን ደመና ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን አይደለም፣ ፍየሏ የት እንደቆመች ነው።


ለገሀሬ፦

አቦ ያቺን ፍየል ሜትሮሎጂ ይቅጠራት።